አባ ጎርጎርዮስ፦ ዕውቀታቸውን ስንቅ ያደረጉ መንገደኛ



ዱከም የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ፣ ከአዳማም ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መኪና ሌትና ቀን በደጃችን ያልፋል። ከየቤታችንም ብዙ ሰው ወጥቷል። እህቶቻችንና ልጆቻችን አንድ ሻንጣ ይዘው፣ ማንንም ሳያውቁ፣ ለብቻቸው ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ ሄደዋል። እኛ የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች በየወሩ መዝገብ ስንዘጋ የእነሱን ድካም በቁጥር እናየዋለን። በዚህ እትም ግን ስለ ቁጥር ሳይሆን፣ ከእነሱ ብዙ ዘመን ቀድመው አገር ለአገር ስለዞሩ አንድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እንጽፋለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር፣ መካነ ሥላሴ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። መካነ ሥላሴ ነገሥታት ያሠሯት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረችበት ቦታ ነው፤ እሳቸው ከመወለዳቸው በፊት በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥላለች። ወገናቸው ከመኳንንት ነበር። አማርኛን ከእናታቸው፣ ግዕዝን ከመምህራን ተማሩ፤ ቅስናም ተቀበሉ። በኋላ ሩቅ አገር ያደረሳቸውና ስማቸውን ያስጠራው ይኸው የቤት ቋንቋና የትምህርት ቤት ንባብ ነው።

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን ከሚባሉት ሚስዮናውያን ጋር ተወዳጅተው የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡ በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም የቀደመውን እምነት መለሱ፣ ሚስዮናውያኑንም ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከሚስዮናውያኑ ጋር የቆሙ ስለነበሩ አገራቸው አልተመቻቸውም። ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አናነሳም፤ የማኅበራችን አባላት ከየእምነቱ የተሰባሰብን ነን። የምንይዘው ሰውየው በአርባ ዓመት ዕድሜ ገደማ፣ ሰው በሚረጋጋበት ጊዜ፣ ቤትና ዘመድ ትተው መውጣታቸውን ነው።

መጀመሪያ ባሕር ተሻግረው ፖርቱጋሎች ወደሚገዟት ጎዋ፣ ወደ ሕንድ ሄዱ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሮም አቀኑ። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ከአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ከአባ ጎርጎርዮስ መቶ ዓመት ቀድሞ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ መነኩሴ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚያው ሆነው ነው። እንግዲህ ብቻውን የሚጓዝ ሰውም ቢሆን ቀድሞት የሄደ ወገን ያቆየለት ማረፊያ ሲያገኝ መንገዱ ይቀልለታል። ዛሬም በቤይሩት ወይም በዱባይ አዲስ የመጣችውን ልጅ ለጥቂት ቀን የምታስጠጋ፣ ምግብ የምታካፍል፣ መንገድ የምታሳይ እህት አትጠፋም። እሷ ያቺ ማረፊያ ናት ማለት ነው።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደ ሮም መጣ። ይህ ወጣት የኤርፈርት ከተማ ተወላጅ ነው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ለፍቶ ተምሮ ነበር፤ ከሰው አፍ የመስማት ዕድል ግን አላገኘም። ኢትዮጵያውያን በሮም እንዳሉ ሲሰማ ፈለጋቸው፤ አባ ጎርጎርዮስንም አገኛቸው። እሳቸው ያኔ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበሩ። አንዱ መጽሐፍ ነበረው፣ አንዱ አንደበት ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው መምህር፣ ወጣቱ ተማሪ ሆኑ። ወዳጅነታቸው እስከ ሞት ዘለቀ።

ሉዶልፍ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ስለ እኒህ ኢትዮጵያዊ ሰምተው አስጠሯቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጎታ ከተማ ገቡ። ያረፉት መስፍኑ ባሠሩት ፍሪደንሽታይን በሚባል ቤተ መንግሥት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጀርመን ያኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀ፣ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ጠብ የተጀመረ ጦርነት ከጨረሰች ገና አራት ዓመቷ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ስም ራሱ ሰላምን የሚያነሣ ነው። በሃይማኖት ጠብ ከአገራቸው የወጡት ቄስ በሃይማኖት ጠብ ወደ ወደመ አገር ነበር የመጡት። የተቀበሏቸው መስፍን ፕሮቴስታንት፣ እሳቸው ካቶሊክ ናቸው። ይህ ልዩነት ግን አብሮ ከመቀመጥና አብሮ ከመሥራት አላገዳቸውም።

በጎታ የቆዩት ለጥቂት ወራት ነው። በእነዚያ ወራት ስለ ኢትዮጵያ ተጠየቁ፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ሕጉና ስለ ሕዝቡ አኗኗር። ሉዶልፍ አስተረጎመ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። የአማርኛ ቃላትን አንድ በአንድ ከእሳቸው አፍ ለቀመ። ከተለያዩ በኋላም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ የሚጠፋ ቃል ሲኖር ጥያቄው ይላካል፣ መልሱ ይመጣል። ደብዳቤዎቹ ሳይጠፉ ቆይተው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ታትመዋል።

ከዚህ ሥራ የወጣው ፍሬ ይህ ነው። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። በ1681 በፍራንክፈርት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ወጣ፤ በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በ1691 የታሪኩ ማብራሪያ ተከተለ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ። በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚደረገው ጥናት መሠረቱ እነዚህ መጻሕፍት ናቸው። የደራሲው ስም ሉዶልፍ ነው። ይሁን እንጂ ሉዶልፍ የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በመጽሐፉ ጻፈ፣ መልካቸውንም አሳትሞ አኖረ። የሂሳብ ሠራተኞች ስለሆንን ይህ ነገር ደስ ይለናል። ገቢው ከማን እንደመጣ ያልተጻፈበት መዝገብ ሙሉ መዝገብ አይባልም።

አባ ጎርጎርዮስ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱንም ታትሞ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። መርከባቸው በእስክንድሮን፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ባሕር ዳርቻ አካባቢ ሰጠመች፤ እሳቸውም እዚያ አለቁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። መስፍን ኤርንስት ከዚያ በኋላ በ1663 ቫንስሌበን የሚባል ሰው ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ እሱም ከግብፅ አላለፈም።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር ይገባናል። አንደኛው ስንቅ ምን እንደሆነ ነው። እኒህ ሰው ወርቅ አልያዙም፣ ሠራዊት አልነበራቸውም። መስፍን ጋ ያስቀረባቸው ከቤታቸው የያዙት ቋንቋና ዕውቀት ነው። እኛ ዱከም ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ አፍ እንናገራለን፤ ይህ ሀብት መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አንቆጥረውም። በኦሮሞ ሴቶችም ዘንድ ምሳሌ አለን። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ ከመርከብ ነፃ ወጣች፣ በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በመሆን የአፋን ኦሮሞን ቃላት ሰበሰበች፣ ተረትና ምሳሌውን ጻፈች፣ በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደክማለች። በመጽሐፉ ላይ የጎላው የሌላ ሰው ስም ነው። በ1904 ግን ወደ ወለጋ ተመልሳ አስተማረች። እሷ አገሯ ገባች፤ አባ ጎርጎርዮስ አልገቡም።

ሁለተኛው ነገር ይኸው መመለስ ነው። ሰው ሲሄድ ለመሄጃው ብዙ ይታሰባል። ዕቁብ ይወጣል፣ ብድር ይወሰዳል፣ ለደላላ ይከፈላል፣ በግ ይሸጣል። ለመመለሻው ግን የሚያስብ የለም። በመዝገባችን ላይ የምናየው ብዙ ልጅ ለዓመታት የላከችው ገንዘብ በቤት ኪራይ፣ በሰርግና በሕክምና አልቆ ስትመለስ በስሟ አንድ ብር የማታገኝ መሆኑን ነው። ከዚያ ሌላ መንገድ ስለማይታያት መልሳ ትሄዳለች። ቤተሰብ አጠፋው ለማለት አይደለም፤ የተበላው ለእውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም የላከችው ሰው ድርሻ ተለይቶ ስላልተቀመጠ ነው እንዲህ የሚሆነው። ባሕሩን መቆጣጠር አንችልም፤ ሂሳቡን ግን እንችላለን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላልና፣ ውጭ ልጅ ወይም እህት ያላት አባል ሁሉ ከሚላከው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን በላኪዋ ስም ተለይቶ የሚቀመጥ የመመለሻ ቁጠባ እንድትከፍት እንጠይቃለን። መጠኑን አባላት ይወስኑ። ለመሄድ የተነሣች ካለች ደግሞ የፓስፖርቷንና የውሏን ቅጂ፣ የምትሄድበትን ቤት አድራሻ፣ የእጅ ሙያዋንና የምትናገራቸውን ቋንቋዎች በአንድ ወረቀት ጽፋ ለምታምነው ቤተሰቧ እንድትተው እንመክራለን። በቅጹ አሞላል ለምትቸገር አባል፣ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን በማኅበሩ ቢሮ ተገኝተን እናግዛለን።