ጆርጅ ጋለፕና የእኔ ጥያቄ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ፑኝዶ ውስጥ ድምፅ ሰጥተው ወደ ቤት የሚመለሱ ጎረቤቶቼን ማንን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው። ገሚሱ ሳቀብኝ፣ ገሚሱ ዝም አለ። ያኔ ነው የጆርጅ ጋለፕን ሕይወት ማንበብ የጀመርኩት።

ጋለፕ እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ተወለደ። ጋዜጠኝነት ተማረ፤ በ1935 የሕዝብ አስተያየት ተቋም መሠረተ። በ1936ቱ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ልኮ ላንደን ያሸንፋል አለ። አድራሻውን በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለወሰደ ድሃው ተዘነጋ ማለት ነው። ጋለፕ ግን በጣም ያነሰ ሰው አመጣጥኖ ጠይቆ ሩዝቬልት ያሸንፋል አለ፤ እንዳለውም ሆነ።

በ1948 ግን እሱም ተሳሳተ። ጥያቄውን ከምርጫው ቀን ቀደም ብሎ ስላቆመ የመራጩ ሐሳብ ሲቀየር አላየም፤ ዲዊ ያሸንፋል ሲል ትሩማን አሸነፈ። ጋለፕ ስህተቱን መርምሮ አሠራሩን አሻሻለ፤ በ1984 አረፈ።

መራጩን ከጣቢያ ሲወጣ መጠየቅ የሐሳብ መቀየርን ችግር ያስቀራል። ዋረን ሚቶፍስኪ በ1967 ኬንታኪ ላይ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ይህንን ሠራ። ዛሬ ጠያቂው መራጮችን በተወሰነ ተራ ያስቆማል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ በምስጢር ተሞልቶ ሳጥን ይገባል።

እኔስ? ሰው እየሰማ፣ በሰፈሬ፣ በአኝዋክኛ ብቻ ጠየቅኩ። ኑዌሩን ጎረቤቴን እንኳ አልጠየቅኩም። የዳይጀስትን ስህተት በእግሬ ሄጄ ደገምኩት። የጎረቤቶቼ ዝምታም መልስ ነበር፤ ያልታመነ ጠያቂ ቁጥር እንጂ እውነት አያገኝም።