የአንጎልን ሞገድ የመዘገቡት፣ ከድባቴ ግን ያላመለጡት ሐኪም

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 6፣ በሐሩሩ ወራት ሲገላበጥ ያነጋ ሰው ሙቀቱን ቢወቅስ አይፈረድበትም። ለሳምንታት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ግን አንዳንዴ የድባቴ ምልክት ነው። ይህ ሕመም በተኛ ሰው አንጎል ላይ የሚተወውን ዱካ ለማየት በር የከፈቱት ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ናቸው።

በርገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 በኮቡርግ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። በወጣትነታቸው፣ በውትድርና ላይ ሳሉ፣ ከፈረስ ወድቀው መድፍ በጫነ ሠረገላ ከመጨፍለቅ ለጥቂት ተረፉ። በዚያው ምሽት ደኅንነታቸውን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባታቸው ደረሳቸው። በሩቅ የነበረችው እህታቸው አደጋ እንደገጠማቸው ተሰምቷት ኖሯል። በርገር ነገሩን እንደ አጋጣሚ አልቆጠሩትም። የሐሳብ ኃይል ከሰው ወደ ሰው ይሻገር እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሕክምና ትምህርት ዞሩ፤ የሥራ ዘመናቸውንም በዬና ከተማ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አሳለፉ።

የፈለጉትን አላገኙም፤ ያልጠበቁትን ግን አገኙ። በ1924 የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ከተከፈተ የ17 ዓመት ወጣት የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ግኝቱን እስከ 1929 ድረስ አላሳተሙትም፤ ካሳተሙም በኋላ ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ1934 የኖቤል ተሸላሚው እንግሊዛዊ ኤድጋር ኤድሪያን ሙከራውን ደግመው ሲያረጋግጡ ስማቸው ገነነ።

ታሪካቸው እድፍም አለበት። በናዚዎች ዘመን ሕሙማን በግዳጅ እንዲመክኑ በሚወስን የይግባኝ ፍርድ ቤት አገልግለዋል። በ1938 ጡረታ ወጡ፤ ከረጅም ድባቴ በኋላም በ1941፣ በ68 ዓመታቸው፣ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

የጀመሩት ምዝገባ ግን ከእሳቸው በኋላ ወደ እንቅልፍ ጓዳ ዘለቀ። በ1953 የቺካጎ ተመራማሪዎች ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን፣ ሕልም የሚበዛበትን የእንቅልፍ ምዕራፍ ይፋ አደረጉ። ጤነኛ ሰው እዚህ ምዕራፍ ላይ የሚደርሰው ከተኛ ከ90 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ድባቴ ባለባቸው ብዙ ሰዎች ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ጥልቁ እንቅልፍም ይቀንሳል። ድባቴ ለሚመላለስባቸው ደግሞ የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙ ሊያገረሽ መቃረቡን ሊጠቁም ይችላል።

በርገር በታመሙበት ዘመን ይህ ዕውቀት አልነበረም። ዛሬ እንቅልፍ የራቀው፣ ልቡም የከበደው ሰው ለሐኪም ቢናገር ሰሚ አያጣም፤ ድባቴ የሚታከም ሕመም ነውና።