በተማሪዎች ደብተር የተረፈ ትምህርት

የቋንቋው ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር እ.ኤ.አ. በ1857 በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ተወለደ። ገና በ21 ዓመቱ ስለ ጥንታውያን ቋንቋዎች አናባቢ ባሳተመው መጽሐፍ ስሙ ታወቀ። በፓሪስ ካስተማረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ቃልን ከትርጉሙ ጋራ ያስተሳሰረው ተፈጥሮ ሳይሆን የሕዝብ ልማድ መሆኑን፣ ቃልም ዋጋ የሚያገኘው ከሌሎች ቃላት በመለየቱ መሆኑን ከ1907 እስከ 1911 በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርቱን በመጽሐፍ ሳያወጣ በ1913 ሞተ።

ባልደረቦቹ ባሊና ሰሽኤ፣ ተማሪዎቹ በደብተራቸው የጻፉትን ሰብስበው በ1916 አሳተሙት። ስትራክቸራሊዝም የተባለው አስተሳሰብ ከዚህ መነጨ፤ ሌቪ ስትሮስ የሕዝቦችን ተረት በዚሁ መንገድ መረመረ፤ በኋላም ዴሪዳ ትርጉም ጸንቶ አይቆምም ሲል ተከራከረበት።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ደብተራችንን አንናቅ፤ ያ ሁሉ ዕውቀት የተረፈው በትጉሃን ተማሪዎች ብዕር ነውና።