በሽተኛ ፍለጋ ቤት ለቤት የዞረው ሐኪም

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች አምዳችን የማስተዋውቃችሁ አሜሪካዊውን ሐኪም ዊልያም ኮሊን ነው። እኔ ሳይንቲስት ሲባል ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ለካ የድሮ መዝገብ በማገላበጥም ትልቅ ነገር ይገኛል!

ኮሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 ኮነቲከት በሚባል ግዛት ተወለደ። በሃርቫርድ ሕክምና ተምሮ በ1888 ተመረቀና በኒው ዮርክ ከተማ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነ። በ1890 ቤሲ ዳሺል የምትባል የ17 ዓመት ልጅ እጇን አሟት ወደ እሱ መጣች። ሕመሙ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ነበር። ኮሊ ክንዷን ቆርጦ ሊያድናት ሞከረ፤ ግን ካንሰሩ በሰውነቷ ተሰራጭቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። የእኔም እህት 17 ዓመቷ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቡን ትንሽ አቆምኩ።

ኮሊም በጣም አዘነ፤ ነገር ግን አዝኖ ብቻ አልቀረም። የሆስፒታሉን የድሮ ታማሚዎች መዝገብ አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። እዚያ ውስጥ ስታይን የሚባል ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ታሪክ አገኘ። የስታይን የአንገት ዕጢ ተቆርጦ ቢወጣም እየተመለሰ ያድግ ስለነበር ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። በዚያ ላይ ኤሪሲፔላስ የሚባል፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ያዘውና በትኩሳት ነደደ። ትኩሳቱ ሲለቀው ግን ዕጢውም ጠፋ! መዝገቡ ከሆስፒታል እንደወጣ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሌላ ሰው ቢሆን መዝገቡን ዘግቶ ይሄድ ነበር። ኮሊ ግን ድሃ ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር በር እያንኳኳ ፈለገው። በመጨረሻም አገኘው። ስታይን ጠባሳው ብቻ ቀርቶ ጤነኛ ሆኖ ይኖር ነበር።

ከዚያ ኮሊ ባክቴሪያውን ለካንሰር ታማሚዎች በመርፌ መስጠት ጀመረ። ዞላ የሚባል ጣሊያናዊ ታማሚ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ለዓመታት ኖረ። ሆኖም ሕያው ባክቴሪያ አደገኛ ስለሆነ በኢንፌክሽኑ የሞቱም ነበሩ። ስለዚህ በ1893 የሞቱ ባክቴሪያዎችን ቀላቅሎ መድኃኒት ሠራ። መጀመሪያ የወሰደው ሆዱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ የነበረበት የ16 ዓመት ልጅ ሲሆን ድኖ ከ20 ዓመት በላይ ኖረ።

ግን ሁሉም ታማሚ አልዳነም። ኮሊም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ማስረዳት አልቻለም። ብዙ ሐኪሞች አላመኑትም፤ የጨረር ሕክምና ሲመጣ ደግሞ ሥራው እየተረሳ ሄደ። ኮሊ በ1936 አረፈ።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ሄለን የምትባል ልጁ ሐኪም ባትሆንም የአባቷን ታማሚዎች መረጃ ለዓመታት ሰበሰበች። አባት የሰው መዝገብ አገላበጠ፣ ልጅ የአባቷን! በ1953 ደግሞ በካንሰርና በሰውነት መከላከያ ላይ የሚሠራ የምርምር ተቋም መሠረተች። ዛሬ ሳይንቲስቶች እንደሚያስረዱት፣ ባክቴሪያው ሲገባ የሰውነት መከላከያ ይነቃና አንዳንዴ ካንሰሩንም ያጠቃል። በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም፣ የመከላከያ ሴሎችን ፍሬን በመልቀቅ ካንሰርን እንዲያጠቁ ማድረግ እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው።

ጓደኞቼ፣ ኢንፌክሽን መድኃኒት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ! የታመመ ሰው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እኔ ከኮሊ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። ያቺን ልጅ ማዳን አልቻለም፤ ግን ስለ እሷ ብሎ የጀመረው ፍለጋ ዛሬ ሰው እያዳነ ነው። እኔም ከእንግዲህ አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ደብተሬን ዘግቼ አልሄድም። እናንተስ?