ከዛፍ ሥር የተገኘው ልጅ

የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ስም በቤተ ክርስቲያን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አባ ሰላማ ማለት የሰላም አባት ማለት ነው። ከሣቴ ብርሃን ደግሞ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። የሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ እርሳቸው ናቸው። ይህን ስም ያገኙት ግን ካደጉ በኋላ ነው፤ በልጅነታቸው ይጠሩ የነበሩት ፍሬምናጦስ ተብለው ነው። ታሪካቸው የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ ሳሉ ስለ ሆነ፣ እስኪያድጉ ድረስ እንደ እኩያችሁ እያደረግን እንተርክላችኋለን።

ፍሬምናጦስ የተወለደው በጢሮስ ከተማ ነው። ጢሮስን ከወንጌል ታውቋታላችሁ፤ ጌታችን የከነዓናዊቱን ሴት ልጅ የፈወሰው ወደ ጢሮስና ሲዶና አገር በሄደ ጊዜ ነው። ከተማዋ ዛሬ የምትገኘው በሊባኖስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል የተማረ ሰው ነበር። ይህ ሰው ሩቅ አገር ለማየት ሲነሣ ዘመዶቹ የሆኑትን ሁለት ልጆች፣ ፍሬምናጦስንና ኤድስዮስን፣ እያስተማራቸው አብረውት እንዲጓዙ አደረገ።

ሲመለሱ በመርከቧ ውስጥ ውኃና ስንቅ አለቀ። ስለዚህ በቀይ ባሕር ዳር በአንድ ወደብ ቆሙ። በዚያን ወቅት የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው የሰላም ውል ፈርሶ ነበር፤ መርከቧም የሮማውያን ነበረች። ሰዎቹ መጥተው ሜሮጵዮስንና በመርከቧ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ።

ሁለቱ ልጆች ግን በዚያች ሰዓት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ወታደሮቹ ሲያገኟቸው አዘኑላቸውና ሳይገድሏቸው ለአክሱም ንጉሥ ወሰዱአቸው።

ልጆች፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። መምህራቸው ሞቷል። እናትና አባታቸው ከባሕር ማዶ ናቸው፤ ልጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አያውቁም። በዙሪያቸው የሚነገረው ቋንቋ አይገባቸውም። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲናገር፣ ያ ሁሉ ሰው የሞተው ፍሬምናጦስ ጳጳስ እንዲሆን ነው ብሎ በአጭሩ ያልፈዋል። እኛ እንዲህ አንልም። የገደሉት ሰዎች ናቸው፤ ክፉ ሥራ ከእግዚአብሔር አይደለም። የሜሮጵዮስ ሞት ለልጆቹ እውነተኛ ኀዘን ነበር፤ ቢያለቅሱም የእምነት ጉድለት አይሆንባቸውም። ነገር ግን ያን ክፉ ነገር ባደረጉት ሰዎች ልብ ውስጥ ለሁለት ልጆች የሚሆን ርኅራኄ ተገኘ። የእግዚአብሔር ቸርነት በዚያ ቀን የታየው በዚህ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፍሬምናጦስ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ንጉሡ ኤድስዮስን የማዕድ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይና ብልህ ሆኖ ስላገኘው ጸሐፊውና የመዝገቡ ጠባቂ አድርጎ ሾመው። ያ ከዛፍ ሥር ያጠናው ትምህርት እዚህ ጠቀመው።

ንጉሡ ሊሞት ሲቃረብ ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው። አሁን ወደ ጢሮስ መሄድ ይችላሉ። ነገር ግን ንግሥቲቱ ባሏ ሞቶባት፣ ወራሹ ልጇም ገና ሕፃን ሆኖ ተቸገረች፤ ልጁ እስኪያድግ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ። ፍሬምናጦስ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሥልጣን አገኘ። እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ ሰው የመምህሩን ደም ሊበቀል ይችል ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ግን የበቀል ነገር አናገኝም። እርሱ ያደረገው፣ ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ በአንድነት የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ማበረታታትና ለጸሎት ቤት የሚሆን መሬት መስጠት ነው። ስለ ክርስቶስ የሰማ በሀገራችን ቀድሞም ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን ጃንደረባ ታስታውሳላችሁ። የሚክንና የሚሾም ጳጳስ ግን ገና አልነበረም።

ልጁ አድጎ ሲነግሥ ሁለቱ ወንድማማቾች አደራቸውን በታማኝነት አስረክበው ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዳይሄዱ ቢለምኗቸውም ኤድስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስም ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀው ቤቱ ነበረው። እርሱ ግን መንገዱን ወደ እስክንድርያ አደረገ። በዚያ በ328 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የተሾመው ታላቁ አባት ቅዱስ አትናቴዎስ ነበር። ፍሬምናጦስ በአክሱም ስላሉት ክርስቲያኖች ነግሮት ጳጳስ እንዲልክላቸው ለመነው። ቅዱስ አትናቴዎስም ካህናቱን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ፣ ከራሱ ከለማኙ የሚሻል እንደማይገኝ ወስኖ ፍሬምናጦስን ጵጵስና ሾሞ መለሰው።

እንግዲህ ልጆች፤ ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን። በምርኮ ወደ ገቡባት ሀገር አሁን በፈቃዳቸው ተመለሱ። መምህራቸውን ለገደሉት ሰዎች ወገን አባት ሆኑ፤ አስተማሩ፤ አጠመቁ፤ ካህናትን ሾሙ። በቤተ ክርስቲያናችን አብርሃና አጽብሐ እያልን የምናከብራቸው ነገሥታት ያመኑት በእርሳቸው ስብከት ነው። በአክሱም ድንጋዮችና ገንዘቦች ላይ የምናገኘው ስም ኢዛና የሚል ነው። በኢዛና የቀድሞ ገንዘቦች ላይ ጨረቃ ተቀርጾ ነበር፤ ካመነ በኋላ በተሠሩት ላይ ግን መስቀል ይታያል። እነዚያ ገንዘቦች በሙዚየም ስላሉ አንድ ቀን ታዩአቸው ይሆናል።

መከራው ግን በዚህ አላበቃም። የሮማው ንጉሥ ቁንስጣንጢዎስ የአርዮስን ትምህርት ይደግፍ ስለ ነበር ቅዱስ አትናቴዎስን አሳደደው። በ356 ዓ.ም. ገደማም ወደ አክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ላከ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው እርሱ ባስቀመጠው በሌላው ሊቀ ጳጳስ እንዲመረመሩ ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በቅዱስ አትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

ኤድስዮስስ? በጢሮስ ቅስና ተቀበለ። ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ ይህን ታሪክ ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ ሰምቶ ጻፈው። ስለ ዛፉም ያወቅነው በዚህ ነው።

የአባ ሰላማ በዓል ሐምሌ 26 ቀን ነው። ለሚመጣው እሑድ ከካርታ ላይ ጢሮስን፣ ቀይ ባሕርን፣ አክሱምንና እስክንድርያን ፈልጋችሁ የሄዱበትን መንገድ በእርሳስ አስምራችሁ ኑ። ሁለቱ ወንድማማቾች የተለያዩበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።