የእንግሊዝ ንጉሥ የስምንተኛው ሄንሪ ታሪክ

በአውሮፓ ከ1517 ጀምሮ ከሮማ የተለዩት አብያተ ክርስቲያናት አነሣሣቸው አንድ ዐይነት አይደለም። በጀርመን አገር ነገሩን የጀመረው ማርቲን ሉተር የተባለ መነኵሴ ነው፤ መሳፍንቱ ኋላ ደገፉት። በእንግሊዝ አገር ግን መለየቱን በሕግ ያጸናው ንጉሡ ራሱ ነው፤ እርሱም ስምንተኛው ሄንሪ ይባላል። በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ በ1491 በግሪንዊች ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ከሰባተኛው ሄንሪ ተወለደ። አልጋ ወራሹ ታላቅ ወንድሙ አርተር ነበረ፤ ነገር ግን አርተር የእስጳንያን ነገሥታት ልጅ ካትሪንን አግብቶ ስድስት ወር ሳይሞላው በ1502 ሞተ። ሁለቱ መንግሥታት ዝምድናቸው እንዳይቈረጥ ስለ ወደዱ ልዕልቲቱ ለሄንሪ ታጨች። የወንድምን ሚስት ማግባት በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነም የሮማው ፓፓ ዳግማዊ ዩልዮስ ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ሄንሪ በ1509 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነገሠ፤ በዚያው ዓመት ካትሪንን አገባ።

ወጣቱ ንጉሥ መልከ መልካም፥ ቁመተ ረዥም፥ ዜማ ዐዋቂ፥ የላቲንን ቋንቋ የተማረ፥ የሃይማኖትንም ክርክር የሚወድ ሰው ነበረ። የሉተር ትምህርት በተሰማ ጊዜ በ1521 ስለ ሰባቱ ምሥጢራት የሚከራከር መጽሐፍ አሳተመ። ፓፓው ዐሥረኛው ልዮን በዚህ ደስ ተሰኝቶ የሃይማኖት ጠባቂ የሚል የክብር ስም ሰጠው። የእንግሊዝ ነገሥታት ከሮማ ከተለዩ በኋላም ይህን ስም እስከ ዛሬ ይዘውታል።

ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ኀዘን ነበረ። በ1511 የተወለደው ወንድ ልጁ በሃምሳ ሁለት ቀኑ ሞተ፤ ከካትሪን ከወለዳቸውም በ1516 ከተወለደችው ከሜሪ በቀር አንድም አልቀረለት። አባቱ ዘውዱን ያገኘው ከብዙ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1485 በጦር ሜዳ ነበረና፥ ወንድ ወራሽ ሳይተዉ መሞት አገርን ለደም መፋሰስ መተው መስሎ ታየው። በዚህ ላይ አን ቦሊን የምትባል የንግሥቲቱ ደንገጡር ልቡን ማረከችው። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ሚስት የሚያገባ ሰው ያለ ልጅ እንዲቀር የሚናገረውን የኦሪት ዘሌዋውያንን ቃል ዘወትር ያነሣ ጀመር። የካትሪን ወገኖች የሆኑ ሊቃውንት ግን ወንድም ያለ ልጅ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር እንዲያቆምለት በኦሪት ዘዳግም መታዘዙን አመጡበት። ንጉሡ የወደደውን ቃል ያዘ፤ ያልወደደውን ተወ።

ከ1527 ጀምሮ ጋብቻው እንዲፈርስለት ፓፓውን ሰባተኛውን ክሌመንጦስን ለመነ። በዚያው ዓመት የካትሪን የእኅት ልጅ የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ የአምስተኛው ካርሎስ ጭፍሮች ሮማን ዘርፈው ፓፓውን አስረውት ነበርና፥ ፓፓው እሺም እንቢም ሳይል ነገሩን አዘገየ። በ1529 በሎንዶን ችሎት ተቀመጠ። ካትሪን በንጉሡ እግር ሥር ተንበርክካ ሃያ ዓመት እውነተኛ ሚስቱ ሆና እንደ ኖረች አስታወሰችው፤ ከዚያም ይግባኟን ወደ ሮማ ብላ ወጣች፤ ቢጠሯትም አልተመለሰችም። ጉዳዩን መፈጸም ያልቻለው ካርዲናል ዎልዚ ከሹመቱ ተሻረ፤ በ1530 ተይዞ ወደ ሎንዶን ሲወሰድ በመንገድ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ በቶማስ ክሮምዌል ምክር ሮማን መለመን ትቶ በገዛ አገሩ ምክር ቤት ሕግ ያወጣ ጀመር። በ1532 ካህናቱ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ቀኖና እንዳይሠሩ ተገደው ተስማሙ። በ1533 ይግባኝ ወደ ሮማ እንዳይሄድ ተከለከለ፤ አዲሱ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመርም የካትሪንን ጋብቻ አፈረሰ፤ አን ንግሥት ሆነች። በ1534 ንጉሡ በምድር ላይ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ነው የሚል ሕግ ወጣ፤ ወደ ሮማ ይሄድ የነበረውም ግብር ለንጉሡ ሆነ። አብዛኞቹ ጳጳሳት አሜን ሲሉ የሮቸስተሩ ጳጳስ ዮሐንስ ፊሸር እንቢ አለ፤ ቀድሞ በመንግሥቱ ከፍተኛውን ሹመት ይዞ የነበረው ቶማስ ሞርም እንቢ አለ። ሁለቱም በ1535 አንገታቸው ተቈረጠ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1935 ከቅዱሳን ቈጠረቻቸው።

ከ1536 እስከ 1540 ስምንት መቶ የሚያህሉ ገዳማት ተዘጉ። መነኮሳቱ ተበተኑ፤ የጣራው እርሳስ ተነቀለ፤ ደወሉ ቀለጠ፤ ርስቱም ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ገብቶ አብዛኛው ለመኳንንትና ለባለጠጎች ተሸጠ። በ1536 የሰሜን አገር ሕዝብ የክርስቶስን አምስቱን ቍስሎች በሰንደቁ ሥሎ ተነሣ። ንጉሡ በተስፋ ቃል አባብሎ ከመለሳቸው በኋላ መሪያቸውን ሮበርት አስክን በ1537 በዮርክ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ የገዳም ርስት የያዘ ሁሉ ርስቱ እንዳይነካበት ይሠጋ ነበርና ወደ ቀድሞው ሥርዐት መመለስ አስቸጋሪ ሆነ።

ሆኖም ሄንሪ በትምህርት ሉተርን አልተከተለም። በ1539 ታላቁ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ታትሞ በየደብሩ እንዲቀመጥ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ግን ኅብስቱና ወይኑ በእውነት መለወጡን የማያምን እንዲቀጣ፥ ካህናትም እንዳያገቡ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። በጁላይ 30 ቀን 1540 በሎንዶን ሦስት የሉተር ወገን መምህራን በእሳት ተቃጠሉ፤ በዚያው ቀንና በዚያው ስፍራ ለፓፓው የታመኑ ሦስት ካህናት ተሰቅለው ተገደሉ።

ይህ ሁሉ የተደረገለት ወንድ ልጅ ከአን አልተገኘም፤ በ1533 ኤልሳቤጥን ወለደችለት። አን በ1536 በዝሙት ተከሳ በሰይፍ ሞተች፤ ኤልሳቤጥም ከሕጋዊ ልጅነት ተሻረች። ሦስተኛይቱ ሚስቱ ጄን ሲሙር በ1537 ኤድዋርድን ወልዳ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፈች። ከዚያም ሦስት ሴቶች አገባ፤ አንዲቱን ፈታ፥ አንዲቱን አስገደለ፥ ስድስተኛይቱ ቀበረችው። እግሩ ቈስሎ ሰውነቱ ከብዶ በጃንዋሪ 28 ቀን 1547 በሃምሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው ስለ ነፍሱ ዘወትር ቅዳሴ እንዲቀደስ አዝዞ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በልጁ ስም የሚገዙ መኳንንት ስለ ሙታን ጸሎት የተተከሉትን መሠዊያዎች በሕግ ዘጉ፤ ሀብታቸውንም ወሰዱ።

ኤድዋርድ በዘጠኝ ዓመቱ ነገሠ፤ በዘመኑ በ1549 የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ ወጣ፤ በ1553 በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሞተ። ሜሪ አገሩን ወደ ሮማ መለሰች፤ ክራንመርን ጨምሮ ሁለት መቶ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎችም በእሳት ተቃጠሉ። በ1558 የነገሠችው ኤልሳቤጥ በ1559 እንደ ገና ከሮማ ለየችው፤ እስከ 1603 ነግሣ ያን ሥርዐት አጸናችው። አባትዮው ሲወለድ ያዘነባት ሴት ልጅ የሥራው ወራሽ ሆነች።

እንዲህ ሆኖ ከ1534 እስከ 1559 በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከዙፋኑ ጋራ አራት ጊዜ ተለወጠ። በዴቮን አውራጃ ሞርባዝ በሚባል ትንሽ ደብር ክሪስቶፈር ትሪቼይ የተባለ ቄስ ከ1520 እስከ 1574 ሲያገለግል አራቱንም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አየ፤ ምእመናኑ ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ንዋየ ቅድሳት ሲወጣና ሲገባ በደብሩ የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ቀርቷል። ሄንሪ የሃይማኖትን ሥልጣን ከዘውዱ ጋራ ሲያስር ለራሱ ፈቃድ ብቻ ያሰረው መስሎት ነበር፤ ዘውዱን የወረሰ ሁሉ ግን ሥልጣኑንም ወረሰ፤ እንደ ፈቃዱም ለወጠው።