የራስ ኃይሉ ሀብትና ደስታቸው

ከቡሬ ተነሥተን በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ የምናየው አገር ጤፉም፥ በቆሎውም፥ በርበሬውም ያማረ ነው። ይህ ሁሉ አገር የዛሬ መቶ ዓመት ለአንድ ሰው ይገብር ነበር፤ እኚህም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገቢ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ክርክር ከእኛ ከወጣቶች መካከል ስለማይጠፋ፥ የእኚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ራስ ኃይሉ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ስለዚህ ኃይሉ የንጉሥ ልጅ ሆነው አደጉ። በኋላ የመጣውን ሁሉ ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ጎጃም ተከፋፈለ፥ ዘውዱም ለልጅ አልተላለፈም። ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ራስ ተብለው ጎጃምን ቢገዙም ንጉሥ ግን አልተባሉም።

ገቢያቸውስ? ባላገሩ ከእርሻው ይገብራል፥ ነጋዴው በየኬላው ይቀረጣል። ራስ ኃይሉ ግብሩን አበዙት፤ ከእህልና ከማር ይልቅ ጠገራ ብር መቀበልን ወደዱ፤ ሹመትም በገንዘብ ይሸጡ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ብሩም ተቀብሮ አልቀረም። አዲስ አበባ ላይ ቤት አከራዩበት፥ ታክሲ አሠማሩበት፥ ሲኒማ ቤት ከፈቱበት። መሳፍንቱ ንግድን በሚንቁበት ዘመን ይህን ማሰባቸው ብልኅነት ነው፤ ልንነፍጋቸው አይገባም።

ያን ጠገራ ብር ግን ከሁለት ወገን እንየው። ለቡሬ ባላገር አንዷ ብር ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት የልጆቹ እራት ናት። ያችው ብር ከራስ ኃይሉ ግምጃ ቤት ገብታ ከሺዎቹ ጋር ስትደባለቅ ግን መኖሯም አይታወቅ። የዘመናችን ሊቃውንት ገቢንና ደስታን መርምረው የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም፤ ለድኻ ጥቂት ጭማሪ ኑሮውን ይለውጠዋል፥ ለባለጸጋ ግን ያን ያህል እርካታ ለማምጣት ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ድኽነት ደስታ ነው እያሉ ባላገሩን ማጽናናት ለእኛ ቀልድ ይመስለናል። ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጥናት፥ ሰው ኑሮውን የሚመዝነው በእጁ ባለው ብቻ ሳይሆን ራሱን ከሌላው ጋር እያስተያየ እንደ ሆነ አመለከተ።

ራስ ኃይሉ ራሳቸውን ያስተያዩት ከማን ጋር ነበር? ከባላገሩ ጋር ቢሆን ኖሮ ገና በጎልማሳነታቸው በጠገቡ ነበር። መለኪያቸው የአባታቸው ዘውድ ነበር ብንል አንሳሳትም። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን አዩ። ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፥ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ኃይሉ ያው ራስ እንደ ሆኑ ቀሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን አግብተው የነበሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ፥ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፥ እርሳቸውም ታሰሩ። ስንት ዓመት የተለቀመው ብር በአንድ ፍርድ ሄደ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ሲሰደዱ እስረኛውን ይዘዋቸው ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ተለቀቁ። ወዲያው ለጣልያን ገቡ። የጎጃም አርበኛ በየዱሩ ሲዋደቅ ይህን ማድረጋቸውን እንዲሁ ልናልፈው አንችልም። ጣልያንም ፍላጎታቸውን ያውቅ ነበርና ኃይሉ ሲከዳው ወደ ጎጃም ላካቸው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቀቀ፥ በደምበጫ በኩል ሸሸ፤ በመጋቢት መጨረሻም ደብረ ማርቆስን ለራስ ኃይሉ ጥሎላቸው ወጣ። ከሰባ ዓመት በላይ በሆናቸው ጊዜ የአባታቸው ከተማ በእጃቸው ገባ፤ የቆየው ግን ለጥቂት ቀን ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጃቸውን ሰጡ። ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በጥበቃ ሥር ኖሩ፥ በ1940ዎቹ መጀመሪያም አረፉ። ጎጃምን ዳግመኛ አልገዙም።

ባላገሩ ግን ገቢው በተቈጠረ ቍጥር መደንገጡን አልተወም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣም፥ ቢቸናም፥ ዳሞትም ቆጣሪ አናስገባም ብለው ተነሡ፤ ጦር ከዘመተባቸው በኋላም መንግሥት የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ለመማር ተገደደ።